ቤሪ ሴንት ኤድመንድስን መጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር የምወስደው ወደዚህች ከተማ ስለሆነ፣ ዘመድ ወዳጅ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ የት ናት? «የገበያ ከተማ» ማለትስ ምን ማለት ነው?

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፈክ በሚባለው ግዛት ውስጥ ናት። ከኬምብሪጅ በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ሕዝቧ 40 ሺህ ገደማ ነው። መሃል ከተማዋን በእግር ለማዳረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

እንግሊዞች «ማርኬት ታውን» የሚሉት ዱሮ ገበያ የማቆም መብት የነበረውን ከተማ ነው። ገበያ ማቆም እንደ ልብ አልነበረም፤ የንጉሥ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ፈቃዱ በእጁ ያለ ቀረጡን ይሰበስባል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማክሰኚት፣ ሐሙሲት፣ አርብ ገበያ እያልን ከተማን በገበያ ቀኑ የምንጠራ ሰዎች ነን። የቤሪ ገበያ ረቡዕና ቅዳሜ ይቆማል። እኛ ብንሰይማት ሮቢት ትባል ነበር።

ስሟ እንዴት ነው የሚጠራው? ቅዱሱ ስለተቀበረባት ነው እንዲህ የተባለችው?

«ቤሪ» ነው የሚባለው፤ ልክ እንደ ስትሮቤሪ መጨረሻ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «መቅበር» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው መቃብር ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣ፣ የተመሸገ ቦታ ወይም ከተማ ማለት የሆነ ቃል ነው። የኤድመንድ ከተማ እንደ ማለት። ቅዱሱም እዚያው ስለተቀበረ ግን የሚሳሳት ሰው አይፈረድበትም።

ማንችስተር አጠገብ ሌላ ቤሪ አለ። ካርታ ላይ ስትፈልጉ ስሙን እስከ መጨረሻው ጻፉ። አንድ ወዳጄ አሳጥሮ ጽፎ፣ መኪናው ወደ ሰሜን ሲወስደው ግማሽ ሰዓት ሳይነቃ ነድቷል።

ከውጭ ለሚመጣ ሰው ምን ወረቀት ያስፈልጋል?

በያዛችሁት ፓስፖርት ይወሰናል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው የጎብኚ ቪዛ ቀድሞ ማውጣት አለበት። ጀርመን ወይም ስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ ማለት ከዚህ አያድንም። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ከ2025 ወዲህ ግን «ኢቲኤ» የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ ከመሳፈራችሁ በፊት ማውጣት ግድ ሆኗል። ከዚህ ነፃ የሆኑት የአይርላንድ ዜጎች ናቸው። ሕጉ ስለሚቀያየር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የእንግሊዝን መንግሥት ገጽ አንዴ እዩት።

ከለንደን እንዴት ይኬዳል?

በባቡር ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ተነስቶ ኢፕስዊች ላይ መቀየር ነው። ሌላው ከኪንግስ ክሮስ በኬምብሪጅ በኩል ነው። በሁለቱም ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከጣቢያው እስከ መሃል ከተማ በእግር 15 ደቂቃ ነው። በመኪና ለሚመጣ ኤም 11ን ይዞ፣ ከዚያ በኤ 14 ወደ ምሥራቅ።

እሑድን ብትተዉት ይሻላል። የሐዲድ ጥገና የሚደረገው ብዙ ጊዜ እሑድ ነው። አንድ እሑድ አክስቴን ይዤ ወጥቼ ግማሹን መንገድ በባቡሩ ፋንታ በተመደበ አውቶቡስ ሄድን። ስንደርስ ሱቁ ሁሉ ሊዘጋጋ ነው። «ለዚህ ነው ከቅዳሴ ያስቀረኸኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስንት ቀን ይበቃል? ብዙ ገንዘብስ ያስወጣል?

ጠዋት ገብቶ ማታ መውጣት ይቻላል። ዋና ዋናው ነገር ያለ ክፍያ ነው፦ የገዳሙ መናፈሻ፣ ፍርስራሹ፣ ካቴድራሉና የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን። ካቴድራሉ በር ላይ የስጦታ ሳጥን አለ፤ የምትችሉትን ጣል አድርጉ። የሚያስከፍለው ሞይስስ ሆል የሚባለው ሙዚየም ነው። እሱንም አትዝለሉት፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ከየት ልጀምር?

ኤንጅል ሂል ከሚባለው ሰፊ አደባባይ። ስታዩት መኪና ማቆሚያ ነው፤ ቅር አይበላችሁ። መሃሉ ላይ አንድ የመንገድ ምልክት የተሰቀለበት ነጭ ምሰሶ ቆሟል። «የጨው ዓምድ» ይሉታል። 1935 የቆመ፣ ከውስጡ መብራት የሚበራ ነው። የመንገድ ምልክት ሆኖ በቅርስነት ተመዝግቧል። እንግሊዞች ሲፈልጉ ምኑንም ቅርስ ያደርጉታል።

ከምሰሶው ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ ብትመልሱ ትልቁን የገዳም በር ታያላችሁ፤ ቤተ መንግሥት የሚያስገባ ነው የሚመስለው። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ግን ቤተ መንግሥትም ገዳምም የለም። አበባና ሣር ነው። የቤሪ ነገር ይሄ ነው፤ ዋናው ታሪካዊ ቦታዋ የለም። ርዝመቱ ከ150 ሜትር በላይ የነበረ፣ በዘመኑ ከአውሮፓ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነ ሕንፃ ነበራት፤ ዛሬ የተበላ መንጋጋ ጥርስ የመሰለ ጉቶ ነው የቀረው። ስለዚህ ከተማዋን የምትጎበኙት «ያ ሁሉ ድንጋይ የት ገባ?» እያላችሁ ነው። ይህን ጥያቄ ይዞ የዞረ ሰው አይሰለቸውም። ሳይዝ የሄደ «መናፈሻ አየን» ብሎ ይመለሳል።

ቅዱስ ኤድመንድ ማን ነው?

የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ ነበር። 869 ላይ ከዴንማርክ የመጡ ቫይኪንጎች ወግተው ያዙት። በኋላ የተጻፈው ገድሉ እንደሚለው ሃይማኖቱን አልክድም አለ። ዛፍ ላይ አስረው ቀስት አርከፈከፉበት፣ ከዚያ አንገቱን ቆረጡት። ራሱን ጫካ ውስጥ ጣሉት። ሰዎቹ ሊፈልጉት ሲወጡ ራሱ «እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» እያለ ተጣራ። ደርሰው ሲያዩ አንድ ተኩላ በእግሮቹ መሃል አድርጎ ይጠብቀዋል። ተኩላው ሳይነካቸው እስከ ከተማው ሸኛቸው። ከተማው ውስጥ ብዙ የተኩላ ምስል የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ገድልና ተአምር እየሰማ ላደገ ሰው ታሪኩ አዲስ አይሆንበትም። አክስቴ ሳልጨርስላት «ተኩላው ነው አይደል ያገኘው?» ብላኛለች።

ዐፅሙ ወደዚህ የመጣው በአሥረኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው። 1020 ላይ ደግሞ ንጉሥ ክኑት ለቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም አቆመለት። ክኑት ራሱ ዴንማርካዊ ነው፤ የገዳዮቹ ወገን። ኤድመንድ ጊዮርጊስ ከመግባቱ በፊት የእንግሊዝ ጠባቂ ቅዱስ ተደርጎ ይታይ ነበር። የእኛው ጊዮርጊስ፣ ባለ ነጭ ፈረሱ፣ ቦታውን የያዘው በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ነው። የቤሪ ሰዎች ይህን ዛሬም አልረሱትም።

ፍርስራሹ ባልጩትና ኖራ ብቻ ነው። በእውነት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነበር?

ነበር። የምታዩት ውስጡን ነው። የድሮ ግንበኞች ወፍራም ግድግዳ ሲሠሩ ውስጡን በባልጩትና በኖራ ይሞሉትና ውጭውን በተጠረበ ድንጋይ ያለብሱታል። ሰፈክ ለጥርብ የሚሆን ድንጋይ የላትም። ስለዚህ ጥሩው ድንጋይ ባርናክ ከሚባል ከሩቅ ቦታ እየተጫነ ነው የመጣው። 1539 ላይ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማቱን ሲዘጋ፣ ባለቤት ያጣ የተጠረበ ድንጋይ ከተማው መሃል ቆሞ ቀረ። ድንጋይ በሌለበት አገር! ሰው ልብሱን ገፎ ወሰደው፤ ገላው ቀረ። ከተማው ውስጥ የድሮ አጥር ስታዩ ጠጋ ብላችሁ መርምሩት። ከባልጩቱ መሃል ጠርዙ የተሠራ፣ የተቀረጸበት ድንጋይ ተሰክቶ ካገኛችሁ ከየት እንደመጣ ገባችሁ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ በቤተ ክርስቲያኑ የምዕራብ ግንባር ያለው ነው። ከአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሰዎች ፍርስራሹን ሳያፈርሱ፣ እዚያው ቅስቱ ውስጥ ቤት ሠርተዋል። ትልልቅ የበር ቅስቶች ነበሩ፤ ዛሬ መስኮት ገብቶላቸው፣ ቀለም ተቀብተው፣ በራቸው ላይ የፖስታ መክተቻ አላቸው። ከላያቸው ሣር ያበቀለ የባልጩት ገደል ተንጠልጥሏል። አንድ ቀን ሴትዮዋ በሩን ከፍታ የወተት ጠርሙስ ስታስገባ አየሁ። ዘጠኝ መቶ ዓመት ባለው ቅስት ሥር!

የከተማው ሰው ገዳሙን ለምን ይጠላ ነበር?

አስጎብኚዎች ይህን ቶሎ ነው የሚያልፉት፤ ለእኔ ግን የከተማዋ ታሪክ ይሄ ነው። አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል አለው፦ ጉልት። መንገድ ዳር ተቀምጠው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡበትም ጉልት ነው፤ ንጉሥ ለደብር የሚሰጠው፣ ግብሩን ደብሩ የሚበላው መሬትም ጉልት ነው። ቤሪ ሁለቱንም ነበረች። ከተማዋን የቆረቆራት አበምኔቱ ነው። ባልድዊን የሚባል፣ ከፈረንሳይ የመጣ መነኩሴና ሐኪም፣ ከ1066 ዙሪያ ጀምሮ መንገዶቹን ቀጥ አድርጎ አስምሮ፣ ገበያውን አስፋፍቶ ሠራት። ዛሬ በቸርችጌት ጎዳና ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ዓይናችሁ ቀጥ ብሎ የኖርማን ማማ በሚባለው የጥንት ማማ ላይ ያርፋል፤ ከማማው ጀርባ የቤተ ክርስቲያኑ ዋና በር ነበር። ነጋዴው ቀና ባለ ቁጥር ጌታው ማን እንደሆነ እንዲያይ የተሠራ ነው የሚመስለው። የገበያው ቀረጥ፣ ፍርዱ፣ የከተማው በር ቁልፍ፣ ወፍጮው ሳይቀር የገዳሙ ነበር።

ስለ ወፍጮው የገዳሙ አንድ መነኩሴ የጻፈው ታሪክ አለ። 1190ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ኸርበርት የሚባል ካህን የነፋስ ወፍጮ ሠራ። አበምኔት ሳምሶን ሲሰማ እንጀራ አልቀምስም እስኪፈርስ ድረስ አለ። ካህኑ ለምኖ መጣ፤ ነፋስ ለማንም የማይከለከል ነገር ነው፣ የማስፈጨውም የራሴን እህል ነው አለ። ሳምሶን አልሰማውም። የከተማው ሰው ወዳንተ ሄዶ ያስፈጫል፣ የእኔ ወፍጮ ይከስራል ነው ነገሩ። ኸርበርት የገዳሙ ሰዎች ሳይደርሱ ቶሎ ብሎ ወፍጮውን ራሱ አፈረሰው።

እንዲህ እየተባለ ተጠራቀመ። 1327 ላይ ሕዝቡ ገዳሙን ሰብሮ ገብቶ ዘረፈ፣ አቃጠለ። በኋላም አበምኔቱን ጠልፈው ባሕር አሻግረው ወሰዱት። አሁን የምታዩት ትልቁ በር ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ውበቱ ያታልላል። ከላይ የሚወርድ የብረት መዝጊያ የሚሄድበት ቦይ አለው። ሐውልት ይቆምባቸው ከነበሩት ጓዳዎች ጀርባም የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳ አለ። መነኮሳቱ ከጎረቤቶቻቸው ነበር የሚጠበቁት። 1381 ላይ አገሩ ሁሉ ሲያምፅ በሩም አላዳናቸውም። አመፀኞቹ የገዳሙን ምክትል አለቃ ጆን ካምብሪጅንና የአገሪቱን ዋና ዳኛ ጆን ካቨንዲሽን አንገት ቀልተው ራሶቹን ገበያው መሃል ሰቀሉ። ሁለቱ ወዳጆች ነበሩና አንዱን ራስ ከሌላው ጆሮ እያስጠጉ የሚያንሾካሽኩ አስመሰሏቸው፤ ከዚያም አሳሳሟቸው። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ድንችና አይብ የሚገዛው በዚያው ገበያ ነው።

ንጉሡ 1539 ገዳሙን ሲዘጋ ከተማው ብዙ ያለቀሰ አይመስለኝም። ቢሆንም ራሱን የማስተዳደር ቻርተር ያገኘው 1606 ነው።

ከማግና ካርታ ጋር ምን ያገናኛታል?

1214 ላይ ባላባቶቹ በቅዱሱ በዓል ሰበብ እዚህ ተሰብስበው፣ መንበሩ ፊት ቆመው፣ ንጉሥ ጆንን የመብት ሰነድ ሊያስፈርሙት ተማማሉ ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት ሰነዱ፣ ማግና ካርታ የሚባለው፣ የንጉሡ ማኅተም ተደረገበት። ታሪኩን የጻፈው አንድ የዘመኑ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነው፤ የታሪክ ሊቃውንት ዝርዝሩን ይከራከሩበታል። ከተማዋ ግን መፈክሯ ውስጥ አስገብታዋለች፦ የንጉሥ መቅደስ፣ የሕግ መወለጃ ትላለች። መንበሩ በነበረበት አካባቢ ከቆሙት ጉቶዎች በአንዱ ላይ የድንጋይ ጽሑፍ ታገኛላችሁ።

ካቴድራሉ ውስጥ መግባት እንችላለን? ጫማ ይወለቃል?

መግባት ትችላላችሁ፤ ጫማ አይወለቅም። ነጠላ ማድረግ ግዴታ አይደለም፤ ብታደርጉም ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። እናቶች በር ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲጎነበሱ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ወለሉ በጣም ይቀዘቅዛል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ናት። ጸሎት በሚደረግበት ሰዓት ጉብኝቱን አቁሞ መቀመጥ ነው።

ካቴድራሉ የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ያምታታል። አጠገቡ የነበረ፣ ለምእመናን የተሠራ የቅዱስ ያዕቆብ አጥቢያ ነው። አሁን ያለው ሕንፃ 1503 ተጀመረ። ካቴድራል የተባለው 1914 ነው። ማማው ደግሞ 2005 ላይ ነው የተጠናቀቀው። አርክቴክቱ ሲሞት ለማስጨረሻ ገንዘብ ተናዞለት ነበር። ስለዚህ ጥንታዊ የሚመስለው ማማ ከብዙዎቻችሁ ልጆች ያንሳል። እውነተኛው ጥንታዊ ማማ ከጎኑ ያለው የኖርማን ማማ ነው። ከ1120 እስከ 1148 ባለው ጊዜ የተሠራ፣ ዛሬም የካቴድራሉ ደወል የሚደወልበት ነው። እግሩን ተመልከቱ፤ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው የቆመው። ማማው አልሰመጠም፣ ከተማው ነው ከፍ ያለው።

ቅድስት ማርያም ውስጥ የተቀበረችው ንግሥት ሜሪ የትኛዋ ናት?

ፕሮቴስታንቶችን ያቃጠለችው ሜሪ አይደለችም። እሷ የሄንሪ ስምንተኛ ልጅ ናት፤ እዚህ የተቀበረችው እህቱ ናት። በ18 ዓመቷ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ አሥራ ሁለተኛ ተዳረች። ሰውየው ከ50 ዓመት በላይ ነበር፤ ሦስት ወር ሳይሞላቸው ሞተ። እሷም ወንድሟን ሳትጠይቅ የምትወደውን የሰፈክ መስፍን አገባች። 1533 ሞታ ገዳሙ ውስጥ ተቀበረች። ገዳሙ ሲዘጋ አስከሬኗን ወደ ቅድስት ማርያም አዛወሩት። መቃብሯ ከንግሥት የማይጠበቅ ቀላል ነው፤ መሠዊያው አጠገብ ነው፣ ካልፈለጋችሁት ታልፉታላችሁ። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መቃብሯ ሲከፈት ሰዎች ፀጉሯን እየቆረጡ ወስደዋል፤ ከዚያ ትንሽ ቁራጭ ሞይስስ ሆል ውስጥ አለ።

ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ላይ እዩ። ጣሪያውን ተሸክመው በግራና በቀኝ የተሰለፉ ከእንጨት የተቀረጹ መላእክት አሉ። አክስቴ አንገቷን ቀና እንዳደረገች «እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ» ብላ ዝም አለች። የጎንደሮቹ ሥዕል ናቸው፣ እነዚህ ቅርጽ፤ ግን ገብቶኛል።

ሞይስስ ሆል ውስጥ በሰው ቆዳ የተለበጠ መጽሐፍ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። 1827 ላይ ዊልያም ኮርደር የሚባል ሰው ፖልስቴድ በምትባል የሰፈክ መንደር ፍቅረኛውን ማሪያ ማርተንን ገደለ። በሚቀጥለው ዓመት ቤሪ ውስጥ በብዙ ሺህ ሰው ፊት ተሰቀለ። ሬሳውን ሐኪሞች ለትምህርት ከፈቱት፤ ስለ ፍርዱ የተጻፈውን መጽሐፍ በቆዳው ለበጡበት። 2025 ላይ ደግሞ ሁለተኛ መጽሐፍ ሙዚየሙ መደርደሪያ ላይ ተገኘ ተብሎ ለእይታ ቀረበ። ስታዩት ተራ የቆዳ ልባስ ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ያንን ክፍል ቀድማችሁ እዩት። 1645 ላይ በጥንቆላ ተከሰው ቤሪ ውስጥ በአንድ ቀን ስለተሰቀሉት 18 ሰዎችም የሚያወራ ጥግ አለ። ቡዳ ነህ፣ ቡዳ ነሽ እየተባለ ሰው ሲገፋ ያየ አገር ልጅ ቆም ብሎ ያነበዋል። ቤቱ ራሱ 1180 ገደማ የተሠራ ነው፤ እስር ቤትም ሆኖ ያውቃል፣ ሙዚየም የሆነው 1899 ነው።

ከተማው ውስጥ የሚሸተው ምንድን ነው?

ብቅል! ከ1799 ጀምሮ ግሪን ኪንግ የሚባለው ቢራ ጠማቂ እዚሁ ከተማው ውስጥ ይጠምቃል። ንፋሱ ከዌስትጌት ጎዳና ሲመጣ ጠላ የተጠነሰሰበት ግቢ የገባችሁ ይመስላችኋል፤ የጌሾ ሽታ ብቻ ነው የሚጎድለው። እዚያው ጎዳና ላይ 1819 የተሠራ ቲያትር ቤት አለ። ንድፉ የለንደኑን ናሽናል ጋለሪ የነደፈው የዊልያም ዊልኪንስ ነው። ጠማቂው ገዝቶት ለአርባ ዓመት ያህል የበርሜል መጋዘን አድርጎት ነበር፤ አሁን ተመልሶ ቲያትር ሆኗል።

መጠጥ ቤት ማየት ለሚፈልግ «ነትሼል» አለች። ስፋቷ አምስት ሜትር በሁለት ሜትር ገደማ ነው። ከጣሪያዋ የደረቀ ድመት ተንጠልጥሏል፤ የነካው ሰው መዓት ይወርድበታል ይላሉ። ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ ሦስተኛው ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚያልፈው።

ጾም ላይ ነኝ። የሚበላ አገኛለሁ?

ታገኛላችሁ። «ቪጋን» ያለውን ፈልጉ፤ በየካፌው አይጠፋም። ሾርባ ስታዝዙ ቅቤና ክሬም እንዳይገባ ንገሩ፤ ዳቦውም ቅቤ ተቀብቶ ሊመጣ ይችላል። ጥብስ ድንች ሁሉም ቦታ አለ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ግን እኔ ዘንድ አታምጡት። የሐበሻ ምግብ ቤት አላየሁም፤ እኛ ሁልጊዜ ሽሮ በፔርሙስ፣ እንጀራ በላስቲክ ይዘን ሄደን መናፈሻው ሣር ላይ ነው የምንበላው። ዳክዬዎቹ ይመጣሉ። እንጀራ አትስጧቸው፣ አይተዋችሁም።

ልጆችና አረጋውያን ይከብዳቸዋል?

መናፈሻው ሜዳ ነው፤ ጋሪም ዊልቸርም ይሄዳል። የልጆች መጫወቻ አለ፣ ላርክ የምትባል ትንሽ ወንዝ ዳሩን ታልፋለች። ፍርስራሹ ላይ መውጣት ክልክል ነው፤ ልጆቹን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። አንዳንድ የድሮ መንገዶች ጠጠርና ድንጋይ ስለሆኑ ተረከዙ ቀጭን ጫማ ይቅር።

በካቴድራሉና በቅድስት ማርያም መሃል ያለው ሰፊው የመቃብር ቦታ ለአረጋውያን ደስ ይላል፤ ዛፍ አለ፣ መቀመጫ አለ። መሃሉ ላይ ዱሮ ዐፅም ይጠራቀምበት የነበረ ፍርስራሽ ቤት ታያላችሁ። ግድግዳው ላይ ሜሪ ኸዝልተን ስለምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ የተጻፈ አለ። 1785 ነሐሴ ውስጥ እየጸለየች ሳለ መብረቅ ገደላት። አክስቴ ካስተረጎመችኝ በኋላ አማተበችና «እየጸለየች?» አለች። እስከ ጣቢያው ድረስ ያንኑ ነው የደጋገመችው።

መናፈሻው ውስጥ ያለው የእንባ ጠብታ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ቅርጹን ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ያለበት ጥግ የሰላም አትክልት ስፍራ ይባላል፤ ቅርጹም በናዚዎች እልቂት ላለቁት መታሰቢያ ነው። ከሥሩ 57 ድንጋዮች ተነጥፈዋል። እነሱ ደግሞ 1190 በሆሳዕና ዕለት ቤሪ ውስጥ የተገደሉትን 57 አይሁዶች ያስታውሳሉ። በዚያው ዓመት ያ ነፋስ የከለከለው አበምኔት ሳምሶን የተረፉትን ከከተማው አስወጣ። ገዳሙ ከአይሁዶች ከተበደረው ገንዘብ ጋር የተያያዘ ነገር ነበረው። እስራኤል የሚኖሩ ዘመዶቻችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ ይህን ሳታሳዩአቸው አትመለሱ።

የቅዱሱ ዐፅም ታዲያ የት ገባ?

አይታወቅም። የንጉሡ ሰዎች በ1530ዎቹ መጨረሻ መጥተው ሣጥኑን ሲገፍፉ ወርቁንና ብሩን ወሰዱ፤ ስለ ዐፅሙ ግን አንድም ነገር አልጻፉም። አንዱ ወገን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ ፈረንሳዮች ወደ ቱሉዝ ወስደውታል ይላል። ከዚያ 1901 ላይ ወደ እንግሊዝ የመጣ አጥንት አለ፤ የእሱ ነው ለማለት የደፈረ ግን ጥቂት ነው። ሌላው ወገን መነኮሳቱ በብረት ሣጥን አድርገው ራሳቸው በሚቀበሩበት ቦታ በሌሊት ደበቁት ይላል።

እኔ ሁለተኛውን እወዳለሁ። መነኮሳቱ ይቀበሩበት በነበረው ቦታ ላይ በኋላ ዘመን የቴኒስ ሜዳ ተሠርቶ ነበር። ሜዳዎቹ አሁን ተነስተዋል። ቦታው ከፍርስራሹ አለፍ ብሎ ነው፤ ሣር ነው። እኛ ባለፈው ሄደን ምሳችንን የበላነው እዚያ አካባቢ ነው።